ድንገተኛ ሞትና የታሰበ ስጦታ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በዲላ ከተማ ለብዙ ዘመን ፊደልና ዳዊት ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ዛሬ ዓይናቸውን ሞራ ቢጋርደውም ልቡናቸው ያልደበዘዘ መሪጌታ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ወላጆቹ ጌዴኦዎችና የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ሆነው ሳለ ፊደልን ግን ከእኒሁ መሪጌታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የቆጠረ፣ ኋላም ሕክምና ተምሮ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰ ወጣት ሐኪም ነው። ቡናው ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በመሪጌታው ግቢ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተነጋገሩት እንደሚከተለው ነው።

የኔታ፦ በዕድራችን ጉባኤ ላይ ተነሥተህ፣ ሰው ሲሞት የዓይኑን ብሌን ለዕውራን ቢያወርስ መልካም እንደሆነ የተናገርኸውን፣ እኔስ ያስተማርሁት ልጅ ነው ብዬ በትዕግሥት ሰማሁት፤ ነገር ግን ከጎኔ የተቀመጡት እናቶች ሲያማትቡ፣ ሽማግሎቹም ራሳቸውን ሲነቀንቁ አንተም ሳታይ አልቀረህም። ሬሳን አጥቦ፣ ገንዞ፣ አክብሮ ወደ መቃብር ለማድረስ የተመሠረተ ማኅበር፣ ሬሳው ለሌላ እንዲከፈል ሲጠየቅ ቢደነግጥ ይፈረድበታልን? ይህ ምድር ሙታንን ማክበር ከእኛ በፊት ያውቃል፤ በቱቱ ፈላ በመቃብር ላይ የቆሙትን፣ የሰው መልክ የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች ያየ ሰው ይህን አይስተውም። እስቲ አሳብህን ከሥሩ ጀምረህ ንገረኝ።

ሐኪሙ፦ የኔታ፣ ነገሩን እንዳነሣ ያደረገኝ ሞት ሳይሆን ሕይወት ነው። ከጉባኤው በፊት በነበሩት ቀናት ማለዳ ማለዳ ልጆቻችን ሲሮጡና ኳስ ሲጫወቱ አያቸው ነበር፤ ጌዴኦ ዲላ የተባለው የሴቶች ቡድናችን የከተማችንን ስም በፕሪሚየር ሊግ ካስጠራ ወዲህ ልጃገረዶቹ ሜዳውን ከወንዶቹ እኩል ይሻሙበታል። እነሱን ሳይ የዓለም ተጫለ ነገር ትዝ አለኝ።

የኔታ፦ እርስዋ ደግሞ ማን ናት?

ሐኪሙ፦ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በካናዳ አገር በሸርብሩክ ከተማ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር አንደኛ የወጣች፣ የስመ ጥሩው ሯጭ የቀነኒሳ በቀለ እጮኛ የነበረች፣ ሠርጓም ከጥቂት ወራት በኋላ ሊደረግ ታስቦ የነበረ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ለልደት በዓል ሦስት ቀን ሲቀር፣ ከእጮኛዋ ጋር በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ ጫካ ውስጥ ልምምድ በመሮጥ ላይ ሳለች በድንገት ወደቀች፤ እሱም ተሸክሞ ወደ መኪና ወስዶ ወደ ሐኪም ቤት ቢጣደፍ፣ ከመድረሳቸው በፊት ነፍሷ ወጣች። በጊዜው የተነገረው ልብዋ በድንገት እንደ ቆመ ነው። በማግሥቱ አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ቀነኒሳም ኀዘኑን እንደ ተሸከመ በዚያው ዓመት መጋቢት በፈረንሳይ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ፣ በነሐሴም ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

የኔታ፦ ነፍስ ይማር። ግን አንድ ነገር አልገባኝም፤ በሽተኛ ሲሞት ሕማሙን ዓይተን እንቀበላለን፤ ተራራ የሚወጣ፣ ከፈረስ ጋር የሚሽቀዳደም ጕልማሳ እንዲያው ሲወድቅ ግን ሕዝቡ «ዓይን በልቶት ነው»፣ «ሰው አስደርጎበት ነው» ይላል። አንተስ ምን ትላለህ?

ሐኪሙ፦ ስለ እርስዋ ሕማም ያልተመረመረውን አልናገርም፤ ስለ ሌላው ግን ተመርምሮ የታወቀ አለ። በሰኔ 1995 ዓ.ም. በፈረንሳይ ከተማ በሊዮን ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት ማርክ ቪቪዬን ፎኤ የተባለው ካሜሩናዊ ማንም ሳይነካው በሜዳው መካከል ወድቆ ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ የወፈረ ሆኖ ተገኘ። ይህ ብዙውን ጊዜ ከወላጅ በዘር የሚወረስ ሕማም ሲሆን፣ ባለቤቱ ሳያውቀው አብሮት ይኖራል፤ ብርቱ ድካም በመጣበት ሰዓት ግን ልብን የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ምት ሥርዓቱን ይስትና ልቡ መምታቱን ትቶ ይርገበገባል፤ ያን ጊዜ ደም ወደ አንጎል መድረሱን ያቆማል። መተትም ቡዳም የለበትም፤ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖሩን መጠየቅ፣ ሲሮጥ ራሱን የሳተ ልጅ ቢኖር ቀላል ነገር ነው ብሎ አለማለፍ፣ የልብ ምቱንም በመሣሪያ ማስመርመር አንዳንዱን አስቀድሞ ያሳውቃል።

የኔታ፦ ከወደቀ በኋላስ? ውኃ እናርከፈክፋለን፣ ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን፣ ጠበል እንረጫለን።

ሐኪሙ፦ ጠበሉን አልከለክልም፤ እጅዎ ግን ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ እለምናለሁ። ያንን ትራስ ያቀብሉኝ። እነሆ፣ የወደቀውን ሰው በጀርባው አስተኝቶ፣ የአንዱን እጅ መዳፍ በደረቱ መካከል በአጥንቱ ላይ አድርጎ፣ ሌላውን እጅ በላዩ ደርቦ፣ ክንድን ሳያጥፉ በሰውነት ክብደት ወደ ታች መጫን ነው፤ ጥልቀቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ይሞክሩት። አይደለም የኔታ፣ እንደዚህ በፍርሃት አይደለም፤ ጠንከር ያድርጉት፣ በየጊዜውም ደረቱ ተመልሶ እንዲነሣ ይልቀቁት።

የኔታ፦ እጄ ደከመ! አጥንት ቢሰበርስ?

ሐኪሙ፦ የጎድን አጥንት ይጠገናል፤ ደም ያጣ አንጎል ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ልብን በኤሌክትሪክ ወደ ሥርዓቱ የሚመልሰው ዲፊብሪሌተር የሚባለው መሣሪያ በዘገየ ቁጥር የመዳን ተስፋ በእያንዳንዱ ደቂቃ ከ7 እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ ሲወድቅ ጓደኞቹ ከበው ሸሸጉት፣ ሐኪሞችም ደረቱን ተጭነው በመሣሪያው መለሱት፤ እሱም ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ኳስ ተጫወተ። ፋብሪስ ሙዋምባ የተባለው ደግሞ በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በለንደን ወድቆ ልቡ 78 ደቂቃ ያህል በራሱ ሳይመታ ቆይቶ ዳነ። እነዚህ ሰዎች የዳኑት አጠገባቸው የሚያውቅ እጅ ስለ ነበረ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያው ነገርህን በዚህ ብትጀምር ኖሮ እናቶቹ ባላማተቡ ነበር። ለመሆኑ ከሕያው ደረት ወደ ሙት ዓይን ምን አሻገረህ?

ሐኪሙ፦ ሁሉ እንደማይድን ስለማውቅ ነው። ከዳነው ይልቅ ያልዳነው ይበዛል፤ ያልዳነው ልጅ ወላጆች ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ይህ ሞት ከንቱ ሆኖ ሊቀር ነውን ይላሉ። በነሐሴ 2008 ዓ.ም.፣ በሪዮ ደ ጃኔሮ የኦሎምፒክ ጨዋታ ጊዜ፣ ስቴፋን ሄንዘ የተባለ ጀርመናዊ የታንኳ ቀዘፋ አሠልጣኝ፣ ቀድሞ በአቴንስ ኦሎምፒክ የብር ሜዳልያ የወሰደ ሰው፣ በታክሲ ሲሄድ በደረሰ አደጋ ራሱን ተመትቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ፤ ልቡ፣ ጉበቱና ሁለት ኩላሊቶቹም በዚያው አገር ለአራት ሰዎች ተሰጡ።

የኔታ፦ ቆይ፣ ቆይ፤ በዚህ ላይ አላልፍህም። ልቡ የሚመታ ከሆነ ሕያው ነው፤ ሞቷል ካልኸኝ ልቡ ለሌላ ምን ይረባዋል?

ሐኪሙ፦ የተገባ ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንቱንም ብዙ ያከራከረ ነው። ሁለት ዓይነት ሞት አለ። አንደኛው ልብ ቀድሞ ቆሞ አንጎል የሚከተልበት ነው፤ ሁለተኛው ራስ በአደጋ ተመትቶ ወይም በውስጡ ደም ፈስሶ፣ አንጎል ፈጽሞ ላይመለስ ከሞተ በኋላ፣ ልብ በመተንፈሻ መሣሪያ እርዳታ ለጥቂት ጊዜ መምታቱን የሚቀጥልበት ነው። ልብና ጉበት የሚሰጡት በተለይ ከዚህ ከሁለተኛው ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ሲተክል፣ ልቡን የሰጠችው በመኪና የተገጨች የ25 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የተቀበለው ሰው 18 ቀን ኖረ። ዛሬ ግን የተተከለለት ሰው ብዙ ዓመት ይኖራል።

የኔታ፦ እንዲህ ከሆነ በጫካ ውስጥ የወደቀችው ልጅ የልብ ስጦታ የላትም ማለት ነው።

ሐኪሙ፦ የላትም። ልቡ በሜዳ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ልቡን፣ ጉበቱን፣ ኩላሊቱን ለመስጠት ጊዜው ያልፍበታል፤ ለእነዚህ ሐኪም ቤት፣ መሣሪያና የተዘጋጀ ተቀባይ ያስፈልጋሉ። ዓይን ግን ይጠብቃል። ብሌን ያልሁት የዓይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ደም ሥር ስለሌለው ልብ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ በቶሎ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ከተወሰደ ለሌላ ሰው ይተከላል። የደም ዓይነት ማመሳሰል አያስፈልገውም፤ አንድ ሟችም ለሁለት ዕውራን ይበቃል። የሚወሰደው ያ ስስ ሽፋን ብቻ ሊሆን ይችላልና፣ ፊቱ ሳይጠፋ፣ ለስንብት ለሚመጣ ሰው ምንም ሳይታወቅ ይገነዛል። በድንገት የተነጠቀ ወጣት በአገራችን ሊሰጥ የሚችለው ይህን ነው።

የኔታ፦ የሚቀበሉትስ ብዙ ናቸውን?

ሐኪሙ፦ በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዕውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚያ እኩሌታው የሞራ ግርዶሽ ሲሆን በቀላል ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ በትራኮማና በሌላ ጠባሳ ብሌኑ የታወረው ግን ከዕውራኑ መካከል ከአምስቱ አንድ ያህል ነበረ። ከጠባሳው ብዙው የሌላ ሰው ብሌን ካልተተካ በቀር ተስፋ የለውም። ስለዚህ ነው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ የተቋቋመው፤ ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ዓይናቸውን ለመስጠት ቃል ከገቡት አንዱ ነበሩ። አሁን ሥራው በደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ነው። ኩላሊትን በተመለከተ ደግሞ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እርዳታ፣ በአገራችን የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ ተደርጓል፤ ለጋሾቹ ግን እኅት ለወንድም፣ አባት ለልጅ የሚሰጡ ሕያዋን ዘመዶች ናቸው። የእርስዎን ሃይማኖት የሚነካው ግን የሙታኑ ነገር ይመስለኛል፤ በትንሣኤ ሙታን ሰው በምን ዓይኑ ይነሣል ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸውና፣ እኔም . . .

የኔታ፦ ይህን ለእኔ ተወው፤ አንተ ስለ ደረት አስተምር። ቅዱስ አግናጥዮስን ለአንበሳ የተሰጠ የምንለው አራዊት ስለ በሉት ነው፤ ታዲያ ከአንበሳ ሆድ ሰብስቦ ማስነሣት ለአምላክ ይሳነዋል የሚል ክርስቲያን አለን? የጊዮርጊስ አጥንት ተፈጭቶ፣ በደብረ ይድራስ ተራራ ላይ በነፋስ ተበትኖ እንደ ተነሣ በየወሩ በሃያ ሦስት እየሰማን፣ ስለ አንዲት ብሌን ብንጨነቅ እምነታችን ጎዶሎ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስስ፣ የገላትያ ሰዎች ቢቻላቸው ዓይናቸውን እንኳ አውጥተው ሊሰጡት ይወዱ እንደ ነበር በመልእክቱ ሲመሰክርላቸው፣ ፍቅራቸውን ሊያመሰግን ነው እንጂ ሊነቅፋቸው አይደለም። በሬሳ ላይ መጨከን ኃጢአት ነው፤ ከሬሳ ለሕያው በርኅራኄ መስጠት ግን ከምጽዋት ሁሉ የኋለኛው ምጽዋት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ግን የእኔ የአንድ መሪጌታ አሳብ እንጂ የሲኖዶስ ውሳኔ አይደለምና፣ በስሜ ወስደህ እንደ ቀኖና እንዳታውጅብኝ።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?

የኔታ፦ የሚያስፈራኝ ሰው ነው። ድኻው በረኃብ ተገድዶ ኩላሊቱን እንዳይሸጥ፣ ሐኪሙ ለባለጠጋው ብሎ ድኻውን ገና ሳይሞት ሞቷል እንዳይል፣ እናት በልጇ ሬሳ ላይ ወድቃ ስታለቅስ አንድ ነጭ ልብስ የለበሰ መጥቶ «ፈርሚ» እንዳይላት እፈራለሁ። ሞት በድንገት ገብቶ ኀዘኑን ሳያስለምድ፣ ስጦታውንም በድንገት ሊጠይቅ ከመጣ፣ ያ ስጦታ ሳይሆን ዝርፊያ ነው።

ሐኪሙ፦ ሕጉም ይህን ፍርሃት አስቀድሞ አውቆታል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ18ኛውና በ19ኛው አንቀጽ፣ ሰው በሕይወት ሳለ አካሉን ክፉኛ የሚጎዳ ስጦታ ቢያደርግ፣ የሕክምና ደንብ ካልፈቀደው በቀር፣ ፈራሽ እንደሆነ፣ አካሉን ለመስጠት የተናገረውንም ቃል በማናቸውም ጊዜ ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። አካልን በገንዘብ መነገድ ደግሞ በወንጀል ያስቀጣል፤ ሰው መሞቱን የሚያረጋግጠው ሐኪምም ከተካዩ ሐኪም የተለየ እንዲሆን የሙያው ሥነ ምግባር ያዝዛል። ለእናቲቱ ግን ሕግ ብቻ አይበቃትም፤ እርስዋን ከዚያ ጭንቅ የሚያወጣት፣ ልጅዋ በደኅናው ቀን «እናቴ፣ እንዲህ ብሆን እንዲህ አድርጊልኝ» ብሎ የተናገረው ቃል ነው። ያን ጊዜ የምትፈጽመው የልጅዋን ፈቃድ ነው እንጂ የባዕድ ጥያቄ አይደለም።

የኔታ፦ ይህ ጥሩ ነው። እኛ ግን ስለ ሞት በደኅና ቀን መናገር ሟርት ነው እንላለን።

ሐኪሙ፦ ስለ ርስታችን ግን እንናዘዛለን፤ ስለ ተዝካራችንም ሰንጋው ምን ያህል ይሁን ብለን እንናገራለን። እዚህ ግቢዎ ውስጥ ያለውን ይመልከቱ፤ ባለፈው ዓመት ልጅዎ የቆረጠው እንሰት፣ አምቾው ከመሬት ሳይነቀል፣ መካከሉ ተፈልፍሎ አፈር ተሞልቶበት ሲቀር፣ ዛሬ ዙሪያውን ችግኝ አጎንቁሎ ሊነቀልና ለጎረቤት ሊታደል ደርሷል። ከአንዱ ግንድ ብዙ የሚነሣው ግን ገበሬው በጊዜው አስቦ ስላዘጋጀው ነው፤ በነፋስ ወድቆ የበሰበሰ እንሰት ይህን አያፈራም። ይህ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እስከ ዛሬ የቆየው አባቶቻችን ሲቆርጡ የሚተካውን አስቀድመው ስለሚያስቡ ነው።

የኔታ፦ ንግግርህ አምሯል፤ አሁን ግን በእውነት መልስልኝ። ዛሬ ማታ እኔ ብሞት፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል በራቀች በዲላ፣ ማን መጥቶ ነው ሰዓቱ ሳያልፍ ብሌኔን የሚወስደው?

ሐኪሙ፦ ዛሬ ማታ ከሆነ ማንም አይደርስም ብዬ እፈራለሁ። እጁ የሠለጠነ ሰውና የማቆያ ፈሳሽ እዚሁ ካልተገኙ በመንገድ ብቻ አይሆንም።

የኔታ፦ ታዲያ ገና ያልተከፈተ በር ልናንኳኳ ነው እናቶችን ያስደነገጥኸው?

ሐኪሙ፦ በሩን የሚያስከፍተው ማንኳኳቱ ነውና። አንድም ፈቃደኛ በሌለበት ከተማ ባለሙያ ይሠልጥን ብሎ መንግሥትን መጠየቅ አይቻልም፤ በዕድር መዝገብ ላይ መቶ ሰው ቃሉን ቢያሰፍር ግን ያንን መዝገብ ይዤ የምሄድበት ቦታ አለኝ። በአባቶቼ ሥርዓት በሶንጎ የተቀመጡ ሽማግሎች ነገር ሳይብላላ አይወስኑም፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ማንም አያፈርሰውም። እኔ የጀመርሁት ማብላላቱን ነው።

የኔታ፦ እንግዲህ ስማኝ፤ ቅደም ተከተሉን አበላሽተኸዋልና እኔ ላስተካክልልህ። በመጀመሪያ ለዕድሩ ወጣቶች፣ ለአሠልጣኞችም፣ ይህን የትራሱን ትምህርት ስጥ፤ የሚድነውን ልጅ ለማዳን ያልደከመ ማኅበር የሞተውን ዓይን ለመጠየቅ ፊት የለውም። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ልባቸው የሚመረመርበትን ቀን ለይ። ስለ ብሌኑ የምትናገረው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ነው፤ ያን ጊዜም አድርጉ ሳትል፣ ከቤተ ሰባችሁ ጋር ተነጋገሩ ብለህ ተናገር፤ ፈቃድም እምቢታም እኩል ይከበር።

ሐኪሙ፦ እንዳሉት አደርጋለሁ። እርስዎስ፣ የኔታ? ስምዎ ከፊት ቢሰፍር ብዙ ሰው ይከተላል።

የኔታ፦ የእኔን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ዕውር ለዕውር ምን ይሰጣል?

ሐኪሙ፦ ሞራው ያለው ከውስጥ ባለው ሌንስ ላይ ነው፤ የሚሰጠው የፊተኛው ሽፋን ነውና የእርስዎ ጥርት ያለ ከሆነ ዕድሜም ሞራም አይከለክሉትም። እንዲያውም ሞራውን በሕይወትዎ ሳሉ ማስገፈፍ ይችላሉ፤ ይህን ስነግርዎ የመጀመሪያዬ አይደለም።

የኔታ፦ ሞራውን እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ እናስባለን። ስለ መዝገቡ ግን፣ ለልጆቼ ሳልናገር ለዕድር አልናገርም። ዛሬ ማታ ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ፤ ታላቂቱ ልጄ እንደምትቈጣ አውቃለሁና አንተም ከራት በኋላ መጥተህ ጥያቄዋን ትመልሳለህ። ቃሉን የምናገረው እኔ ብሆንም፣ በዚያ ቀን ሊፈጽሙት የሚችሉት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ካልተስማሙበት ስሜ በመዝገብ ቢሰፍር ቀለም ማባከን ነው።